የጋሽ ይከፈት ካምቢዮ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ገና ነፍስ አለው ብሎ የሚያምን። ሻጩ "ይህ እንኳ አልቆለታል" ቢል፣ ባለቤቱ እርሙን አውጥቶ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ቢወረውረው፣ ይህ ሰው መንገድ አቋርጦ ሄዶ ያነሳዋል። ጆሮው ላይ አድርጎ ይነቀንቀዋል፤ ከዚያም ዕቃው ምስጢር የነገረው ይመስል "እህ" ይላል። እኔ እስከ ዛሬ በኖርኩባቸው ሰፈሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኛል። እርስዎም ገጥሞዎታል። ምናልባትም የቤትዎን ማቀዝቀዣ ፈታትቶ የሄደው እሱ ነው፤ "ነገ መጥቼ እገጥመዋለሁ" ካለ ሦስተኛ ሳምንቱ ሆኗል።

በእኔ ግምት የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀያሪና ከፋች። ቀያሪው ዕቃ ሲበላሽበት ሌላ ያመጣል፣ ይገጥማል፣ ይረሳል። ከፋቹ ግን ውስጡን ሳያይ ምግብ አይወርድለትም። ዓለምን የሚያስተዳድሩት ቀያሪዎች ናቸው። ከፋቾቹ ሁልጊዜ ከመኪና ሥር ስለሆኑ ስብሰባው ያመልጣቸዋል።

የእኛ ሰፈር ከፋች፣ ሊቀ ካምቢዮ፣ ርእሰ ብሎን፣ ክቡርነታቸው ጋሽ ይከፈት ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቁት መታወቂያቸውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ሰፈሩ ይህን ስም የሰጣቸው ከአፋቸው በማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር የተነሳ ነው። ሞተሬ ይንኳኳል ቢሏቸው፣ የቧንቧ ውኃ ቀነሰብን ቢሏቸው፣ የእገሌ ትዳር እየተናጋ ነው ቢሏቸው መልሳቸው ያው ነው፤ "እስቲ ይከፈትና ይታይ።"

አንድ ጊዜ ለሠርግ ተጠሩ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ የድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። አስተናጋጆቹ ሌላ ለማምጣት ሰው ላኩ። ጋሽ ይከፈት ግን የክት ኮታቸውን አውልቀው፣ ከፊታቸው ያለውን የጠረጴዛ ቢላ አንስተው ተንበረከኩ። አዲሱ ማጉያ መጣ፣ ተዘፈነ፣ ተበላ፣ ኬክ ተቆረሰ። እርሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ ነበሩ። እንግዳው ተሸኝቶ ወንበር ሲነሳ አሮጌው ማጉያ ተንፈስ አለና ከሠርጉ ሁሉ ያማረ ድምፅ አወጣ። በዚያ ድምፅ "ሙሽሮች እንኳን ደስ አላችሁ" ብለው ለወንበር ሰብሳቢዎቹ ንግግር አደረጉ።

የልብስ ሰፊያችን የስፌት መኪናም ዘይት ብቻ ነበር የፈለገችው። ጋሽ ይከፈት ጋ ግን ሁለት ሳምንት ተኛች። ሰውዬው በዚያ መሐል የተማሪዎችን ደንብ ልብስ በእጁ እየሰፋ ጣቱ አበጠ። ስትመለስ ግን ድምፅዋ ጠፍቶ፣ እየሠራች መሆኗን ለማወቅ ክሩን እያየ ነበር የሚሰፋው። ይህን ልብስ ሰፊው ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝም ቅሬታውና ኩራቱ ተቀላቅለውበት ነበር።

ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ደግሞ የሌሊት ልብስ እንደለበሱ ከአልጋቸው ሥር ተገኙ። በአንድ እጃቸው ጉሉኮስ ተሰክቷል፤ በሌላው የአልጋውን ማንሻ እየፈቱ ነው። ነርሷ ብትቆጣ "ይህ አልጋ ከእኔ ይብስበታል" አሏት። ከሆስፒታሉ ሲወጡ የክፍሉ አልጋዎች በሙሉ ይነሱና ይወርዱ ነበር ይባላል። ማጋነን ሊኖርበት ይችላል፤ ስለ ሁለቱ አልጋዎች ግን እርግጠኛ ነኝ።

ቤታቸው ከጋራዣቸው ጀርባ ነው፤ ግቢው አንድ፣ በሩ አንድ። የዚህ ሁሉ መከራ ተሸካሚ ባለቤታቸው ናቸው፤ እኛ እትዬ የምንላቸው። ጋሽ ይከፈት የሚፈቱትን ሁሉ የሚያነጥፉት በነጭ አንሶላ ላይ ነው፤ አንሶላው ደግሞ የእትዬ ነው። በዚያ ቤት የዘይት ካርታ የሌለበት አንሶላ የለም። "እኔ መካኒክ አግብቻለሁ፤ አንሶላዎቼ ግን አላገቡም ነበር" ይላሉ እትዬ።

እንግዲህ ወደ እኔ ጉዳይ ልግባ። እስካሁን እያሳቅኩ የቆየሁት መግባቱን ስለፈራሁ ነው።

አሮጌ የቤት መኪና አለችኝ። ሦስተኛው ማርሽ ይተፋ ጀመር፤ ማለትም አስገብቼው ትንሽ እንደሄድኩ በገዛ ፈቃዱ ይወጣል። ባለቤቴ መቀየሪያውን በግራ እጇ ይዛ እንድትቀመጥ አስለመድኳት። እንዲህ ተጋግዘን ጥቂት ወር ከነዳን በኋላ አንድ ጠዋት ማርሾቹን የያዘው ካምቢዮ ሙሉ በሙሉ እምቢ አለ። መኪናዋን ገፍተን ጋሽ ይከፈት ግቢ አስገባናት።

በዚያ ወቅት ግቢያቸው ጭር ብሎ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ አዲስ ጋራዥ ተከፍቶ ነበርና። ባለቤቱ ነጭ ጋዎን የሚለብስ፣ ጥፍሩ ውስጥ እድፍ የማይታይ ሰው ነው። ሥራው ቅየራ ነው። ከተጋጨ መኪና ሞተሩን ከነካምቢዮው፣ ከነዘንጉ ያወርድና ያንተ መኪና ሆድ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሦስት ቀን ብቻ። ከጋሽ ይከፈት ደንበኞች ግማሹ ወደዚያ ሄዷል። ቀሪው ደግሞ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ፀጉር አስተካካያችን የእኔኑ ዓይነት ሕመም ያለባት፣ የእኔኑ ዓይነት መኪና ነበረችው፤ "ያንተን ከሠሯት እኔም እወስድላቸዋለሁ፤ ካልሆነላቸው ግን ዓይናቸው ደክሟል ማለት ነው" አለኝ። ሌሎቹም እንደዚሁ። የሽማግሌው ስም በእኔ ካምቢዮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ይህን እርሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ቅየራውን ሳነሳባቸው ከኮፈኑ ቀና ብለው በትዝብት አዩኝ።

"ሞተሩ ጤነኛ ነው" አሉ። "ጥርሱን ያመመው ሰው አንገቱን ይቀይራል?"

ስቄ ተስማማሁ። ካምቢዮው ወረደ፣ ተከፈተ፣ አንሶላ ላይ ተነጠፈ። የተበላው አንድ ዘንግና ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ሌላው ደህና ነው ተባለ። ዘንጉን ለማስቀረጽ ቶርኖ ቤት መሄድ ነበረባቸው። እትዬ አልነበሩም፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ዶሮዎች አሉ። "እስክመለስ ቁጭ በልልኝ፤ ዶሮ እንዳይረግጣቸው" ብለውኝ ወጡ።

እዚህ ላይ አንባቢ ስለ እኔ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ተበታትኖ የተቀመጠ ነገር አጠገብ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። ሆቴል ገብቼ እንኳ የጨውና የበርበሬውን ዕቃ በመስመር ሳላደርግ አላዝም። እናም ከፊቴ ያለውን አየሁት፤ ትልቅ ባለ ጥርስ ማርሽ ከትንሽ ቀለበት አጠገብ፣ ኩሽኔታ ከብሎን መሐል፣ ሁሉም በጥቁር ዘይት ተለውሶ። አዘንኩላቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ረዳት የላቸውም፣ እኔም ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ሁሉንም አንድ በአንድ በነጭ ጋዝ አጠብኩ። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኩ። ብሎንን ከብሎን፣ ጥርስን ከጥርስ ለየሁ። ሮንዴላ የሚሏቸው ስስ የብረት ቀለበቶች አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ እንዳይጠፉ በሽቦ ሰክቼ ጫፉን እንደ አበባ ጠመዘዝኩት። በመዝገብ ቤት ሕይወቴ እንኳ እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ጋሽ ይከፈት ዘንጉን ይዘው ሲመለሱ አንሶላው ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እጄ እስከ ክርኔ ጋዝ ነው፣ ፊቴ ላይ ያለውን ፈገግታ ግን አሁን ሳስበው ያመኛል።

"አጽድተሃቸዋል" አሉኝ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

በዚያ ምሽት ራት ላይ ይህን ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት።

ያኔ ያላወቅኩትን አሁን ልንገራችሁ። ጋሽ ይከፈት ወረቀት ላይ አይጽፉም፣ ምልክት አያደርጉም። የፈቱትን በፈቱበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር፣ እንደ ጽሑፍ ያነጥፉታል። ሲገጥሙ ከመጨረሻው ተነስተው ወደ ኋላ ያነቡታል። አንሶላው ደብተራቸው ነው። እነዚያ "አንድ ዓይነት" ያልኳቸው ሮንዴላዎች ደግሞ ውፍረታቸው የፀጉር ያህል ይለያያል፤ እያንዳንዷ የራሷ ቦታ አላት፤ አንዷ ከቦታዋ ከተዛወረች ካምቢዮው ወይ ይጠብቃል ወይ ይተፋል። እኔ የሰውዬውን ደብተር ወስጄ ቃላቱን በርዝመታቸው ደርድሬ መለስኩላቸው ማለት ነው።

አንድ ወር ሄደ። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃለሁ፤ "ትንሽ ነው የቀረው" ይሉኛል። ገጥመው ይፈቱታል፤ ፈትተው ይገጥሙታል። ሁለት ወር ሆነ። ባለቤቴ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች ሥራ ትገባለች፤ ማታ ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ ፊቴ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። ፀጉር አስተካካዩ ፀጉሬን በቆረጠኝ ቁጥር "እህ፣ እንዴት ሆነች?" ይለኛል፤ በመስታወቱ ውስጥም ተራ የሚጠብቁት ሁሉ መልሴን ሲጠብቁ አያለሁ። በሦስተኛው ወር ትዕግሥቴ አለቀ። ባለ ነጭ ጋዎኑ ጋ ሄጄ መጎተቻ መኪና ይዤ መጣሁ።

ቀን ነበር፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው ለማየት ቆመ፤ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሱቁ ሰውዬ። ጋሽ ይከፈት አንሶላው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንደገና ፈትተውታል። ያ ነገር ደሜን አፈላው።

"ሦስት ወር ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?" አልኳቸው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ደጃፍ የቆሙትን አዩ። ከዚያ እንደገና እኔን። ብዙ ጊዜ ሰጡኝ።

"ተቀላቀለብኝ" አሉ በመጨረሻ።

ፀጉር አስተካካዩ ለጎረቤቱ "አላልኩም? ዓይናቸው ነው" ሲል ሰማሁት። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ሚስማር ላይ ሮንዴላዎቹን አየኋቸው። ሲፈቷቸው መልሰው በዚያው ሽቦ ሰክተዋቸዋል፤ የሽቦው አንድ ጫፍ አሁንም እንደ አበባ ተጠምዝዟል። ያ ጥምዝ የእኔ ነው። ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ፤ የገባኝ በደንብ ነው፤ አልገባኝም ነበር ብዬ አልዋሽም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። ነገር ግን ጮኬ ነበር፣ ሰው ተሰብስቧል፣ መጎተቻው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ዝም አልኩ።

"ካምቢዮውን አትወስደውም?" አሉኝ።

"ምን ያደርግልኛል? ይጣሉት" አልኩ።

ይህችን ቃል ከአፌ መልሼ ለመዋጥ ዛሬ የማልሰጠው ነገር የለም።

ቅየራው በሦስት ቀን አለቀ። እውነቱን መናገር ካለብኝ መኪናዋ ጥሩ ሆነች። ሞተሯ ለስላሳ ነው፣ ማርሿ እንደ ቅቤ ይገባል፣ ባለ ነጭ ጋዎኑ ያለኝን ሁሉ ፈጽሟል። ብትበላሽብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ የሆነ ነገር የከፈልኩ ይመስለኝ ነበር። አልተበላሸችም። ፀጉር አስተካካዩም የእርሱን ወደዚያው ወሰደ፤ ቀሪዎቹም ተከተሉ። ጋሽ ይከፈት ግቢ መኪና ሳይገባበት ከረመ፤ በበጋው የብረት በሩ ተዘጋ። እኔ ደግሞ በዚያ በር ላለማለፍ በወንዙ በኩል ዞሬ ቤቴ እገባ ጀመር። ያችን ጤነኛ መኪና በየቀኑ ያለ ጥፋቷ ሩቅ መንገድ አስኬድኳት።

ዓመት ያህል እንዲህ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ እትዬን ዘንቢል ተሸክመው መንገድ ላይ አየኋቸው። ማለፍ አልቻልኩም፤ አቆምኩ። ገብተው ተቀመጡና ዙሪያውን ገላመጡ።

"ካምቢዮህ ተገጥሟል እኮ" አሉኝ። "ሳሎኔ ውስጥ ጠረጴዛዬን ይዞ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ሻይ የማሳርፍበት የለኝም።"

ቤታቸው ድረስ አደረስኳቸው። በሩን ከፈቱልኝ፤ መመለስ አፈርኩና ገባሁ።

ጋሽ ይከፈት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ድምፄን ሰምተው ነው ያወቁኝ፤ ዓይናቸው በእኔ በኩል ቢመጣም ከትከሻዬ አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ። ካምቢዮው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ንጹሕ፣ ሙሉ፣ ብሎኖቹ ሁሉ በቦታቸው። በስልሳ ሦስተኛው ሙከራ ነው የሆነላቸው። ሮንዴላዎቹን በመጨረሻ የለዩአቸው በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየዳሰሱ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ሌላ ጎበዝ መካኒክ እንደሚያወሩ እየተደነቁ።

ለማን ብለው እንደገጠሙት አልጠየቅኩም። የሚገጠምበት መኪና እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

"ጋሼ፣ ያኔ ዕቃዎቹን የቀላቀልኳቸው እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አዎ" አሉ። "ከቶርኖ ቤት እንደተመለስኩ ነው ያወቅኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበል? ጠብቅ አልኩህ እንጂ አትንካ አላልኩህም። ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር። ያን ያህል ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም።"

"በዚያ ቀን ግን፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ..."

"በዚያ ቀንማ" አሉ፣ "አንተ ትናገራለህ ብዬ ነበር የጠበቅኩት።"

ይህን ያሉት ያለ ቁጣ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ ጓዳ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ተመልሰው ገቡ። እኔ ነገ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ጋ፣ ልብስ ሰፊው ጋ፣ በየሱቁ ዞሬ እውነቱን እናገራለሁ አልኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር። እርሳቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

"ተወው። ያኔ ብትናገር ይጠቅመኝ ነበር። አሁን ብትናገር አምነውህ መኪና ያመጡልኛል፤ እኔ ደግሞ አሁን እውነትም አላይም።"

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት እሄዳለሁ። ዕዳ ልከፍል አይደለም፤ የሚከፈል አይደለም። የምሄደው ስለምወዳቸው ነው፤ ይህን ለማወቅ ይህን ሁሉ ጥፋት ማጥፋት አልነበረብኝም። ስለ እርሳቸው ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው አሰቡና ፈቀዱ። "ስምና አድራሻ ግን እንዳታስገባ" አሉኝ፤ "መኪና ይዘው ይመጡብኛል።" እናም አላስገባሁም። ሰፈራችንን የሚያውቅ አንባቢ ካለ ግን ይህን ይያዝልኝ፤ የሰውዬው ዓይንም እጅም ያኔ ደህና ነበሩ፤ የጎደለው የእኔ አንደበት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ካለው ካምቢዮ ፊት ለፊት ተቀመጡና የማርሽ መቀየሪያውን እንድይዝ አዘዙኝ። የመግቢያውን ዘንግ እርሳቸው በሁለት እጃቸው ያዞሩታል፤ በወዲያኛው ጫፍ መውጫው ይዞራል። አንደኛ አስገባ አሉኝ፤ አስገባሁ። ሁለተኛ፤ ገባ። ሦስተኛ ሲሉኝ ገፋሁት፤ ገባና ያዘ። ጆሯቸውን ወደ ብረቱ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብዙ አዞሩት። ላባቸው መጣ።

እትዬ የሻይ ትሪ ይዘው ብቅ አሉ፤ የሚያሳርፉበት አጥተው ቆሙ።

"የት ደረሳችሁ?" አሉን።

"ቆይ፣ አታናግሪው" አሏቸው ጋሽ ይከፈት፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ዳገት ላይ ነን።" ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። "ሁለተኛ መልሰው።"

መለስኩት፤ ማዞራቸውን ቀጠሉ።